ያረጀው ጉበቱ ነው ወይስ ወንዴነቱ? ስላረጁ ራቶች የጉበት ኢንዛይም ለጠየቅሽኝ

እህቴ፣ ሌላም አንባቢ አብሮን እንዲከተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የ3 ወርና የ24 ወር ወንዴ ፊሸር 344 ራቶች (ትልልቅ የላብራቶሪ አይጦች ናቸው) ጉበት ወስደሽ ማይክሮሶም፣ ማለት መድሃኒት ሰባባሪ ኢንዛይሞቹን የያዘውን የሴል ክፍል፣ ሠርተሻል፣ ቴስቶስትሮን ጨምረሽ ውህዶችን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ በኤችፒኤልሲ 6ቤታ የሚባለውን ሜታቦላይት፣ ማለት ኢንዛይሙ ቴስቶስትሮኑን ለውጦ የሚያወጣውን ውህድ፣ ለክተሻል፣ ያ ማለት ሲፕ3ኤ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ቤተሰብ ሥራ ማለት ነው፣ እና ያረጁት ከወጣቶቹ በጣም ወርደው አገኘሻቸው። ቴሲስሽ ላይ «እድሜ ሲገፋ ጉበት መድሃኒት የመሰባበር አቅሙን ያጣል፣ ስለዚህ ለአዛውንቶች ዶዝ መቀነስ አለበት» ብለሽ ልትደመድሚ አሰብሽ፣ አድቫይዘርሽ ግን «ሴቴዎቹስ?» ብሎሽ ሌላ ምንም ሳይል ሄደ፣ አንቺም ምን ለማለት እንደፈለገ ግራ ገባሽ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ልኬትሽ ትክክል ነው፣ ካንቺ በፊትም ብዙ ሰው አግኝቶታል። መደምደሚያሽ ግን ከዳታው አይወጣም። ያየሽው ነገር በአብዛኛው የወንዴ ራት ጉበት ወንዴነቱን ሲለቅ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሴቴ ራት ላይ የለም፣ ማውስ ላይ በዚህ መልኩ አይታይም፣ ሰው ላይማ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ነው። የአድቫይዘርሽ አንዲት ጥያቄ ይሄን ሁሉ ይዛለች። አማርኛ ሁለቱንም እንስሳት አይጥ ብሎ ስለሚጠራቸው እኔ እዚህ ትልቁን ራት ትንሹን ማውስ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ለኛ ጉዳይ ልዩነታቸው በጣም ትልቅ ስለሆነ።

እንግዲህ ነገሩ ከየት እንደመጣ። በ1968 እኤአ ካቶ እና ታካናካ የሚባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ባረጁ ራቶች ጉበት ማይክሮሶም ውስጥ የመድሃኒት ሜታቦሊዝም እንደሚቀንስ ጻፉ፣ ከዛ በኋላ ተመሳሳይ ውጤት ከየቦታው መጣ፣ ሲፕ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሁሉ የሚመደቡበት ሳይቶክሮም ፒ450 በጠቅላላ ቀነሰ፣ ለነሱ ኤሌክትሮን የሚያቀብለው ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ቀነሰ ምናምን እየተባለ «ያረጀ ጉበት ደካማ ጉበት ነው» የሚለው ሀሳብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉ ገባ። ችግሩ አብዛኛው ሥራ የተሠራው በወንዴ ራት ነው። ለምን ብትይ ሴቴዋ የሆርሞን ዑደት ስላላት ዳታ ታበላሻለች ተብሎ ነበር ሚታሰበው፣ በዛ ላይ ወንዴው ላይ ውጤቱ ትልቅ ሆኖ ስለሚወጣ ለሕትመት ያመቻል። እኔ ይሄን እንደ ትልቅ ጥፋት ነው የማየው፣ ምክንያቱም ግማሹን እንስሳ ሳናይ ስለ እርጅና የሚባል ነገር ደመደምን።

ወደ ራቱ እንመለስ። የራት ጉበት ከብዙ እንስሳት ለየት የሚያደርገው ነገር አለ፣ የወንዴውና የሴቴው ኢንዛይሞች አይመሳሰሉም። ገና በ1930ዎቹ ነው ሴቴ ራት ተመሳሳይ ዶዝ ባርቢቹሬት የሚባል የእንቅልፍ መድሃኒት ሲሰጣት ከወንዴው ብዙ ጊዜ በላይ እንደምትተኛ የታየው፣ ወንዴው መድሃኒቱን ቶሎ ሰባብሮ ይነቃል። በኋላ ኢንዛይሞቹ አንድ በአንድ ሲለዩ ነገሩ ግልፅ ሆነ፣ ወንዴው ጉበት ውስጥ ዋናው ሲፕ2ሲ11 ነው፣ ሲፕ3ኤ2 ደግሞ አለ፣ ሁለቱም ለአቅመ አዳም የደረሰ ሴቴ ራት ላይ ወይ የሉም ወይ በጣም ትንሽ ናቸው። ሴቴዋ በነሱ ፈንታ ሲፕ2ሲ12 አላት። አንቺ የለካሽው 6ቤታ እንግዲህ ወንዴው ላይ ባብዛኛው የሲፕ3ኤ2 ሥራ ነው፣ ማለት ገና ከመነሻው የወንዴነት ምልክት የሆነውን ኢንዛይም ነው የመረጥሽው፣ ሳታውቂው።

ይሄን የሚያዘው ማነው ካልሽ በቀጥታ ቴስቶስትሮን አይደለም፣ የእድገት ሆርሞን ነው፣ ያውም መጠኑ ሳይሆን አለቃቀቁ። ወንዴ ራት የእድገት ሆርሞኑን በየ3 ሰዓት ተኩል ገደማ አንዴ ከፍ አድርጎ ይለቃል፣ በመሃል ደም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፣ ሴቴዋ ደግሞ ብዙም ሳታቋርጥ ዝቅ ባለ መጠን ትለቃለች። ጉበቱ ያን ከፍና ዝቅ ነው የሚያነበው፣ ከፍ ሲል ስታት5ቢ የሚባለው ፕሮቲን ይነሳና ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ዝቅ ሲል ይረጋጋል፣ ያ ተደጋጋሚ ምት ነው የሲፕ2ሲ11ን ጂን የሚያስነሳው። ይሄ በግምት የተባለ አይደለም። የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨው የአንጎል ሥር ዕጢ፣ ፒቱታሪው፣ ለወጣ ራት የእድገት ሆርሞን እየቆራረጥሽ ብትሰጪው የወንዴው ኢንዛይም ይመለሳል። ለጤነኛ ወጣት ወንዴ ራት ደግሞ ቆዳው ሥር በሚቀበር ትንሽ ፓምፕ ያለማቋረጥ ብትሰጪው ባንድ ሳምንት አካባቢ ውስጥ ጉበቱ የሴቴ መምሰል ይጀምራል፣ ሲፕ2ሲ11 ይወርዳል ሲፕ2ሲ12 ይወጣል። አስቢው፣ ራቱ ወጣት ነው፣ ጉበቱ ጤነኛ ነው፣ ግን 6ቤታውን ብትለኪው «ያረጀ» ይመስልሻል።

አሁን እርጅናን አምጪው። ወንዴ ራት ሲያረጅ የእድገት ሆርሞኑ ምት ቁመቱ ያጥራል፣ ቴስቶስትሮኑም ይወርዳል። በ1985 እኤአ ካማታኪ እና ባልደረቦቹ ወንዴና ሴቴ ራቶችን በየእድሜያቸው አስቀምጠው የሁለቱንም ፆታ ፒ450 ለይተው ለኩ፣ ያረጁት ወንዴዎች ላይ የወንዴው ዓይነት ሲወርድ የሴቴው ዓይነት ብቅ አለ፣ ሴቴዎቹ ላይ ግን ይሄን የሚመስል ለውጥ አልታየም። ወጣት ሳሉ ተራርቀው የነበሩት ሁለቱ ፆታዎች እርጅና ላይ ተገናኙ ማለት ነው። እኔ ይሄን ሥራ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም፣ ምክንያቱም ጉበቱ ቢደክም ኖሮ ሁሉም ነገር ነበር አብሮ መውረድ ያለበት፣ እዚህ ግን አንዱ ሲወርድ ሌላው አዲስ እየተሠራ ነው። አዲስ ፕሮቲን በብዛት መሥራት የሚችል ሴል ደክሟል ማለት ይከብዳል።

ከመድሃኒት ውጭም ማስረጃ አለ። ወንዴ ራት ጉበቱ አልፋ 2ዩ ግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን ሠርቶ በሽንቱ ያስወጣል፣ ሲያረጅ ይሄ ፕሮቲን ይጠፋል ማለት ይቻላል፣ የሚገርመው ደግሞ ላረጀው ራት አንድሮጅን፣ ማለት እንደ ቴስቶስትሮን ያለ የወንዴ ሆርሞን፣ ብትጨምሪለት እንኳ እንደ ወጣቱ አይመለስም፣ ጉበቱ ለአንድሮጅን ያለው መቀበያ (ሪሴፕተር) ራሱ ስለቀነሰ። በተቃራኒው በአንድሮጅን ታፍኖ የነበረ አንድ ሰልፎትራንስፈሬዝ የሚባል ኢንዛይም እርጅና ላይ ይወጣል። ስለዚህ ለውጡ ላይ ሆርሞን ማነሱም አለ፣ ጉበቱ ሆርሞኑን መስማት ማቆሙም አለ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ላረጀ ራት የጉበት ኢንዛይሞችን የሚያስነሳውን መድሃኒት ፌኖባርቢታልን ስትሰጪው የሲፕ2ቢ ኢንዛይሞቹ ይነሳሉ። አንዳንዴ ከወጣቱ ዘግይቶ ወይም ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል ግን ይነሳሉ። ማሽኑ አለ ማለት ነው፣ የጎደለው ትእዛዙ ነው።

ጠቅላላ ፒ450 ለክተሽ ከሆነ እዛ ላይ ተጠንቀቂ። በካርቦን ሞኖክሳይድ 450 ናኖሜትር ላይ የሚነበበው ቁጥር የሁሉም ፒ450 ድምር ነው፣ ሲፕ2ሲ11 ወርዶ ሲፕ2ሲ12 ሲወጣ ድምሩ ትንሽ ብቻ ወርዶ ታገኚዋለሽ፣ የነጠላ ሥራው ግን በብዙ ሊወርድ ይችላል። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠው «ኢንዛይሙ አለ ግን ጥራቱ ተበላሽቷል፣ በኦክሲዴሽን ተጎድቷል» ብለው የጻፉ ሰዎች አሉ፣ ለኔ ግን ቀላሉ ማብራሪያ ሌላ ዓይነት ኢንዛይም ተተክቷል የሚለው ነው፣ መጀመሪያ እሱን ሳታጣሪ ወደ ኦክሲዴሽን አትሂጂ።

ሌሎች እንስሳትስ? ማውስ ላይም የፆታ ልዩነት አለ፣ ስታት5ቢ የሌላቸው ወንዴ ማውሶች የወንዴ ጉበት ፕሮግራማቸውን ያጣሉ፣ ግን የእርጅናው ውጤት እንደ ራቱ አንድ ወጥ ሆኖ አይወጣም፣ እንደ ዝርያው እንደ ኢንዛይሙ ይለያያል። ኤምስ ድዋርፍ የሚባሉት ደግሞ የእድገት ሆርሞን የሌላቸው ማውሶች ናቸው፣ ከወንድሞቻቸው በጣም ረጅም እድሜ ይኖራሉ፣ ጉበታቸው ውስጥ ብዙ የመድሃኒት ሜታቦሊዝም ጂኖች ከፍ ብለው ነው የሚገኙት። እዚህ ላይ የእድገት ሆርሞን አለመኖር ኢንዛይምን ጨመረ ማለት ነው፣ ራት ላይ ደግሞ የምቱ መድከም ቀነሰ። አንድ እንስሳ ላይ ያየሽውን ለሌላው ማውረስ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምሳሌ አላውቅም። ሬሰስ ዝንጀሮ ላይ የተሠሩት ሥራዎች ደግሞ ማይክሮሶሙ ላይ ያን ያህል የእድሜ ለውጥ አላሳዩም።

ሰው ጋ ስንመጣ ሲፕ2ሲ11ን የሚያክል የወንድ ብቻ የሆነ ኢንዛይም የለንም፣ ሲፕ3ኤ4 እንዲያውም ሴቶች ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ከሰው ጉበት ማይክሮሶም ሠርተው በ1990 እኤአ ያወጡት ሽሙከር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከእድሜ ጋር የሚሄድ መውረድ አላገኙም፣ ሽሙከር ራሱ ደግሞ ራቱ ላይ መውረዱን በደንብ ያሳየ ሰው ነው፣ ስለዚህ ዘዴው ስላልሠራለት ነው ማለት አይቻልም። በ1997 እኤአ የወጣ የ226 ሰዎች ሥራ ደግሞ ከ70 ዓመት በኋላ የጉበት ፒ450 ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዶ አሳይቷል። እኔ ሁለቱንም አብሬ ነው የምይዛቸው፣ ሰው ላይ የኢንዛይም መቀነስ ቢኖር እንኳ መጠነኛ ነው፣ ራት ላይ እንዳየሽው ዓይነት መፍረስ የለም።

ታዲያ ለአዛውንቶች ዶዝ መቀነስ ስህተት ነው ወይ? አይደለም! ብዙ መድሃኒት ላይ መቀነስ አለበት፣ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ምክንያቱን ካሳሳትሽ ደግሞ የትኛው መድሃኒት እንደሚቀነስም ታሳስቻለሽ። ሰው ሲያረጅ ጉበቱ ያንሳል፣ ወደ ጉበት የሚሄደው ደምም ይቀንሳል፣ ሁለቱም ከ20 እስከ 40 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነው የሚጠቀሱት። እንደ ፕሮፕራኖሎልና ሞርፊን ያሉ ጉበት ባንድ ዙር ብዙውን የሚያነሳቸው መድሃኒቶች የሚወሰኑት በደሙ ፍሰት ስለሆነ ኢንዛይሙ ሳይነካ ክሊራንሳቸው፣ ማለት ከደም የሚጸዱበት ፍጥነት፣ ይወርዳል። ኩላሊት ደግሞ አለ፣ እሱ የራሱ ትልቅ ርእስ ነው።

ከዛ በተጨማሪ ራት ላይ የተገኘ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኔ ለሰው የበለጠ ትርጉም አለው ብዬ የማስበው እሱን ነው። የጉበት ትንንሽ የደም መንገዶች ግድግዳቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው፣ ደሙ ውስጥ ያለው መድሃኒት ከነፕሮቲኑ እስከ ሴሉ ድረስ ይደርሳል። በ2001 እኤአ ለ ኩተር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያረጁ ራቶች ላይ ይሄ ግድግዳ ወፍሮ ቀዳዳዎቹ ቀንሰው ከሥሩ ሌላ ስስ ንጣፍ ተፈጥሮ አሳዩ፣ ተመሳሳይ ነገር በኋላ ሰው ላይም ታይቷል። እንደዛ ከሆነ ኦክሲጅን ወደ ሴሉ ለመድረስ ይቸገራል የሚል ሀሳብ ነው ያላቸው፣ ፒ450 ደግሞ ለሥራው ኦክሲጅን ይፈልጋል፣ ግሉኩሮኒዴሽን፣ ማለት መድሃኒቱ ላይ የስኳር ዓይነት ውህድ ለጥፎ ለመውጣት የማዘጋጀቱ ሥራ፣ በቀጥታ አይፈልግም። ይሄ አዛውንቶች ላይ ከሚታየው ጋር ይገጥማል፣ የኦክሲዴሽኑ ደረጃ፣ ማለት የፒ450ዎቹ ሥራ፣ ይቀንስና ግሉኩሮኒዴሽኑ ብዙም ሳይነካ ይቀራል። አሁን ያንቺን የላብራቶሪ ቱቦ አስቢ፣ ማይክሮሶሙ ውስጥ ግድግዳ የለም፣ ኦክሲጅኑ ካየሩ እንደልብ ነው፣ ለኢንዛይሙ ሥራ ኤሌክትሮን የሚሰጠውን ኤንኤዲፒኤች ደግሞ አንቺ ራስሽ ትርፍ አድርገሽ ትጨምሪያለሽ። ሰው ላይ ሊያስቸግሩ የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ ቱቦው ውስጥ አስወግደሽ፣ ሰው ላይ የሌለውን የወንዴ ኢንዛይም ለካሽ። ከባድ ንግግር መሰለኝ ግን ሳልለው ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል።

ስለ እንስሳቱ ራሱ ትንሽ ልበል። 3 ወር ጥሩ ነው ግን ገና ወጣት ነው፣ የወንዴው ኢንዛይሞች ከጉርምስና ጋር ተነስተው ከፍታቸው ላይ ያሉበት ጊዜ ነው፣ ከከፍታ ጫፍ ተነስተሽ ስትለኪ ቁልቁለቱ ይረዝማል። የ12 ወር ግሩፕ በመሃል ቢኖርሽ መውረዱ መቼ እንደጀመረ ታዪ ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የ6 ሳምንት ራቶችን ከ12 ወር ጋር አወዳድሬ «የእርጅና ውጤት» ብዬ ጽፌ አንድ ገምጋሚ «ይሄ እርጅና አይደለም፣ ልጅ ካደገ ጋር ነው ያወዳደርከው» ብሎ መለሰልኝ፣ የአንድ ዓመት ሥራዬ ነበር፣ ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም፣ ገምጋሚው ግን ልክ ነበር። 24 ወር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፣ ወንዴ ፊሸር 344 እንደልቡ እየበላ ካደገ እዛ እድሜ ላይ ግማሹ ገደማ ሞቷል፣ የቀሩት ላይ ደግሞ ቴስቶስትሮን የሚሠራው የቆለጥ ሌይዲግ ሴል ዕጢ በጣም የተለመደ ነው፣ ሉኪሚያም (የደም ካንሰር) አለ፣ የኩላሊት በሽታም አለ። የቆለጥ ዕጢ ያለበት እንስሳ ሆርሞኑ ራሱ የተናጋ ነው፣ ሉኪሚያ ያለበት ደግሞ ጉበቱ ውስጥ ሳይቀር የካንሰር ሴል ይኖረዋል። ጉበቱን ስታወጪ ቆለጡንና ጣፊያውን (ስፕሊኑን) ተመልክተሽ መዝግበሻል? ከመዘገብሽ ዕጢ ያለባቸውን ለይተሽ እንደገና አስዪ። ኢንፌክሽንም እንደዛው ነው፣ ኢንፍላሜሽን ሲኖር ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው የኢንፍላሜሽን መልእክተኛ ፕሮቲን ፒ450ን ይጥለዋል፣ ያረጁት ክፍል ውስጥ ሳል የያዘው እንስሳ ካለ ውጤትሽ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ምግብም አለ። ቀለባቸው ተቆጥቦ፣ እንደልባቸው ከሚበሉት 60 በመቶው እየተሰጣቸው ያደጉ ወንዴ ፊሸር ራቶች ላይ ይሄ የወንዴነት መጥፋት ይዘገያል፣ ስለዚህ ራቶችሽ ምን ያህል ይበሉ እንደነበር ሜቶድ ክፍል ውስጥ ግቢና ጻፊው።

አካፋዩም ላይ አስቢበት። ውጤትሽን በሚሊግራም የማይክሮሶም ፕሮቲን ነው ያቀረብሽው፣ ባረጀ ጉበት ከአንድ ግራም የሚወጣው ማይክሮሶም ራሱ ሊለይ ይችላል፣ የጉበቱ ክብደትም ይለያል። በፕሮቲን፣ በግራም ጉበት፣ በሙሉ ጉበት እያደረግሽ ሦስቱንም አሳዪ፣ እንስሳው ውስጥ መድሃኒቱን የሚሰባብረው ሙሉ ጉበቱ ነው እንጂ አንድ ሚሊግራም ፕሮቲን አይደለም።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል፣ አዲስ እንስሳ ሳትገዢ ማድረግ የምትችይው ነገር አለ። ያንኑ የቴስቶስትሮን ክሮማቶግራም፣ ማለት ኤችፒኤልሲው ያወጣውን ግራፍ፣ ክፈቺው። አንቺ 6ቤታውን ብቻ ነው ያየሽው፣ እዛው ላይ ግን 16አልፋና 2አልፋ የሚባሉት ፒኮች አሉ፣ እነሱ ወንዴ ራት ላይ ባብዛኛው የሲፕ2ሲ11 ሥራ ናቸው። 7አልፋ ደግሞ አለ፣ የሲፕ2ኤ1 ሥራ ነው፣ እሱ በሴቴዎች ነው የሚበዛው። ማመሳከሪያ ውህዶቹ (ስታንዳርዱ) ካሉሽ አራቱንም ከዛው ፋይል ታወጫቸዋለሽ። ሦስቱ አብረው ወርደው 7አልፋው ካልወረደ ወይም ጭራሽ ከወጣ ጉበቱ በጠቅላላ አልደከመም፣ ፆታውን ነው የለወጠው። አራቱም እኩል ከወረዱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ሪዳክቴዙን ለኪ፣ እንስሳቱ ታመው እንደነበር አጣሪ፣ ያረጁት ሳምፕሎች ፍሪዘር ውስጥ ከወጣቶቹ ረዝመው ቆይተው እንደሆነ እይ። ፍሪዘር ውስጥ የቀረ ማይክሮሶም ካለሽ ለሲፕ2ሲ12 ዌስተርን ብሎት የሚባለውን የፕሮቲን መለያ ምርመራ ሥሪበት፣ ያረጁት ወንዴዎች ላይ የሲፕ2ሲ12 መስመር ከታየ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። የእድገት ሆርሞን ለመለካት ግን ካንድ የደም ናሙና አትሞክሪ፣ የምቱ ጫፍ ላይ ወይም ሸለቆው ላይ መሆንሽን ማወቅ አትችይም።

ገንዘብ ከተገኘ 3 ወርና 24 ወር ሴቴዎች ከያንዳንዱ ጥቂት እንኳ ጨምሪ። ካልተገኘም ቴሲሱ አይወድቅም፣ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ቀይሪው። «በወንዴ ፊሸር 344 ራት ከ3 ወር እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ የሲፕ3ኤ ሥራ ቀንሷል፣ ለውጡ የጉበት ኢንዛይሞች የወንዴነት ገፅታ ከመጥፋቱ ጋር የሚስማማ ነው፣ ሴቴ እንስሳት ስላልተካተቱ ስለ እርጅና በጥቅሉ መደምደም አይቻልም» በይው፣ አዛውንቶችንና ዶዝን የሚያነሳውን ዓረፍተ ነገር አውጪው። ፈታኞችሽ ይሄን ሲያዩ ነገሩ እንደገባሽ ያውቃሉ።

ክሮማቶግራሙን ካየሽ በኋላ ጻፊልኝ፣ በተለይ 7አልፋው ምን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።